ከፎቶግራፉ ጀርባ ስም ይጻፍበት

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ቀሪውን ዕድሜዬን ደብዳቤ ስመዘግብ፣ ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ኖሬ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ ዘንድሮ ስለ ታዋቂ ሰዎች ፎቶግራፎች እንድጽፍ ያስገደደኝ የራሴ ጥፋት ስለሆነ፣ አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር።

የዛሬ ሁለት ዓመት የዕድራችን መሥራቾች ፎቶግራፍ በዚሁ መጽሔት ላይ እንዲወጣ ኮሚቴው ሲወስን፣ ፎቶግራፎቹን የመሰብሰብና ከሥራቸው ስም የመጻፍ ሥራ የተሰጠው ለእኔ ነበር። ከየቤቱ ሣጥን ከወጡት አሮጌ ፎቶግራፎች አብዛኞቹ በጀርባቸው ምንም አልተጻፈባቸውም። እኔም በትዝታዬ ተማምኜ “ይኼ እገሌ ናቸው፣ ያ ደግሞ እገሌ ናቸው” እያልኩ ጻፍኩ። መጽሔቱ ታትሞ በወጣ በሳምንቱ የአንደኛው መሥራች ልጅ ቤቴ ድረስ መጣች። ቡና እንኳ አልጠጣም ብላ፣ “ጋሼ፣ ይኼ እኮ አባባ አይደሉም፤ አጎቴ ናቸው። ልጆቼ ከመጽሔቱ ላይ ቆርጠው አያታችን ናቸው ብለው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። አሁን ምን ልበላቸው?” አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። እኔ ግን በአንዲት መሥመር የአንድን አባት ስም ለሌላ ሰው ፊት ሰጠሁት።

ከዚያ ቀን ወዲህ የታወቀ ሰው ፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር “ስሙን የጻፈበት ማነው? አብሮት የሚወራው ታሪክስ እውነት ነው ወይ?” እያልኩ መጠየቅ ልማዴ ሆነ። ያነበብኩትንና የሰማሁትን ከዚህ በታች ላካፍላችሁ።

የልዑል ዓለማየሁ ፎቶግራፍ

አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። ያን ያህል ስማቸው የገነነ ንጉሥ፣ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ የለም። የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ የሚያነሡ ወታደሮች ይዞ የመጣ ቢሆንም ንጉሡን በሕይወት አላገኙም። ከሞቱ በኋላ አንድ እንግሊዛዊ አስከሬናቸውን አይቶ ፊታቸውን ሥሏል። ዛሬ በየካኔቴራውና በየሚኒባሱ መስታወት ላይ የምናየው መልካቸው ሁሉ ሠዓሊ የሣለው እንጂ ካሜራ ያነሣው አይደለም።

ልጃቸው ዓለማየሁ ግን ፎቶግራፍ አለው። ልጁ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘርፎ ሲመለስ ልጁንና እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤን ይዞ ወረደ። እናቱ ታመው ነበርና ጉዞው ሳያልቅ ትግራይ ውስጥ ዐረፉ። እንግዲህ ይኼ ሕፃን አባቱን በሚያዝያ፣ እናቱን በግንቦት ቀበረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አማርኛ የሚያውቅና ቀድሞ አፄ ቴዎድሮስን ያገለገለ ካፒቴን ስፒዲ የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ሞግዚት ሆኖት በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ዋይት በምትባል ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ልጁን አነሣችው። አንዳንዱ ፎቶግራፍ ላይ ብቻውን ነው፤ አንዳንዱ ላይ ካፒቴን ስፒዲ የሐበሻ ልብስ ለብሶ አብሮት አለ። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣው መድኃኒት በተቀባ መስታወት ላይ ስለነበረ፣ ተነሺው ለብዙ ጊዜ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ ላይ ፈገግ የሚል ሰው እምብዛም አይገኝም። የዚህን ልጅ ፊት ያየ ሰው ግን ነገሩ የካሜራው ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል። ለቅሶ ቤት የሰነበትን ሰዎች ነንና እንዲህ ያለውን ዓይን እናውቀዋለን። እናቱ የሞተችበት ልጅ፣ እንግዶች ገብተው ሲወጡ ጥግ ይዞ የሚመለከተው ልክ እንደዚያ ነው።

ሴትዮዋ አንድ ቁም ነገር ሠርታለች። ከፎቶግራፉ ሥር በእጅ ጽሕፈቷ ደጃች ዓለማየሁ፣ የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ ብላ ጽፋበታለች። በዚያች አንዲት መሥመር ምክንያት ይኸው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም ልጁን በስሙ እንጠራዋለን። ባትጽፍበት ኖሮ በየአውሮፓው ቤተ መዘክር እንዳሉት እንደ ብዙዎቹ፣ “ስሙ ያልታወቀ ሐበሻ ልጅ” ተብሎ ይቀር ነበር።

ዓለማየሁ በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት ገባ፤ በኋላም ሳንድኸርስት ወደሚባለው የጦር ትምህርት ቤት ተላከ። ግን ኑሮው አልሆነለትም። በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ። በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድ ዊንድዘር በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ክብር ነው፣ አዎ። ነገር ግን ጡሩንባ ያልተነፋለት፣ እዝን ያልቀረበለት፣ በቋንቋው “ወንድሜ፣ ወንድሜ” ብሎ ያላለቀሰለት ቀብር ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት አፅሙ ለአገሩ እንዲበቃ ደጋግሞ ጠይቋል። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በዚያው ቦታ የተቀበሩትን የሌሎችን አፅም ሳይነካ የእርሱን ማውጣት አይቻልም ብሎ መልስ ሰጠ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በካፒቴን ስፒዲ ዘሮች እጅ የቆየ አንድ ዘለላ የዓለማየሁ ጸጉር ለንደን ላይ ለኢትዮጵያውያን ተመለሰ። እኛ ዕድርተኞች በወጉ መቀበር ምን ማለት እንደሆነ ስለምናውቅ፣ ይህን ነገር ከማንም ይበልጥ የምንረዳው ይመስለኛል።

የልጅ ኢያሱ ፎቶግራፍ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ፎቶግራፍ ቤተ መንግሥት ገባ። ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለ አርመናዊ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሥራውን ያዙ። ዛሬ በመጻሕፍት ላይ የምናያቸው የነገሥታቱና የመኳንንቱ ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የዚህ ቤተሰብ እጅ ሥራዎች ናቸው።

ታዲያ ፎቶግራፍ የሚያስከብር ብቻ መስሎ እንዳይታየን። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲሻሩ የቀረበባቸው ዋናው ክስ ሃይማኖታቸውን ለወጡ የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ እንደ እስላም ለብሰው፣ ጥምጥም ጠምጥመው የሚታዩበት ፎቶግራፍ በሰው እጅ ይዞር ነበር። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ፎቶግራፉ በእጅ የተቀነባበረ የሐሰት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ልጅ ኢያሱ ሐረርጌና አፋር ሲወርዱ የአገሩን ልብስ መልበስ ልማዳቸው ስለነበረ የለበሱት ልብስ ክስ ሊሆን አይገባውም ይላሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። አንዱን ፎቶግራፍ “አልጋ ወራሹ ሕዝባቸውን ሊጎበኙ ወርደው” ብለህ ብትጽፍበት ምስጋና ይሆናል። “ሃይማኖታቸውን ክደው” ብለህ ብትጽፍበት ከዙፋን ያስወርዳል። ፎቶግራፉ ያው ነው፤ የሚፈርደው ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን የሚጽፈው ደግሞ እንደኔ ያለ ሰው ነው።

የአቡነ ጴጥሮስ ፎቶግራፍ

ከጉለሌ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወርድ ሰው ሁሉ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ያያል። አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. ጵጵስና ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ አርበኞቹን እንዲያወግዙና ለፋሺስት መንግሥት እንዲገዙ ተጠየቁ። እርሳቸው ግን ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ አወገዙና ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ። አስከሬናቸውንም ጣሊያን በምስጢር አስቀበረው ይባላል።

በየዓመቱ ሐምሌ ሲደርስ በጋዜጣና በቴሌቪዥን የሚወጣውን ፎቶግራፋቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ በልጅነቴ ሐውልቱን እንጂ ፎቶግራፋቸውን አላውቅም ነበር። ሐውልቱ ግን በ2005 ዓ.ም. ለከተማው ባቡር ሥራ ከቦታው ተነሣ፤ የተመለሰውም በ2008 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ሁለት ሦስት ዓመታት ውስጥ የልጅ ልጄን ይዤ በዚያ ሳልፍ፣ “እዚህ ማን ነበረ?” ብሎ ጠየቀኝ። ቦታው ተቆፍሮ የሚታይ ነገር አልነበረም። ቤት ገብቼ ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ ቆርጬ ያስቀመጥኩትን ፎቶግራፋቸውን አውጥቼ አሳየሁት፤ ስማቸውንና ቀኑን ከጎኑ ጽፌበት ነበርና ታሪኩን ሳልስት ነገርኩት። ሐውልት ሲነሣ ወረቀት ይተካዋል ማለት ነው፤ ወረቀቱ ስም ካለው።

የሻምበል አበበ ቢቂላ ፎቶግራፍ

ይህን ታሪክ ሁሉም ስለሚያውቀው አላስረዝመውም። አበበ ቢቂላ ሮማ ላይ ባዶ እግሩን ሮጦ የማራቶንን ውድድር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በእኛ አቆጣጠር የዘመን መለወጫ ዋዜማ መሆኑ ነው። ሩጫው የተፈጸመው በምሽት ስለነበረ ፎቶግራፎቹ ላይ ዙሪያው ጨለማ ነው። በመንገዱም ጣሊያን ከእኛ ዘርፎ ወስዶ ሮማ ላይ ባቆመው በአክሱም ሐውልት አጠገብ አልፏል። ያ ሐውልት ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው።

ከፎቶግራፉ ጋር የሚወራው ግን ትንሽ መታረም አለበት። “ድሀ ስለሆነ ጫማ አጥቶ በባዶ እግሩ ሮጠ” ሲባል እንሰማለን። ጫማ አላጣም። የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸውና በባዶ እግር መሮጥንም በልምምድ ስለለመደው መርጦ ነው የሮጠው። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ጫማ አድርጎ ሮጦ ዳግመኛ አሸነፈ። አዋቂነቱን ችግር ብለን ብንጽፍበት ሰውዬውን እናሳንሰዋለን።

በአንድ መስታወት ውስጥ ሁለት ፎቶግራፍ

አሁን ደግሞ በዓይኔ ወዳየሁት ልምጣ። እኔ ተማሪ ሳለሁ የጃንሆይ ፎቶግራፍ የሌለበት ትምህርት ቤት አልነበረም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ጃንሆይን ከሥልጣን አውርዶ በትንሽ ቮልስዋገን ወሰዳቸው። በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዓለ ንግሣቸው ዕለት የተነሡትን፣ ዘውድና ካባ ያለበትን ፎቶግራፍ፣ ከቮልስዋገኑ ፎቶግራፍ ጎን አድርጎ ላየ ሰው ሌላ ስብከት አያስፈልገውም። ወዲያው በየመሥሪያ ቤቱ የተሰቀለው ፎቶግራፋቸው መውረድ ጀመረ። በየቤቱ ያለውንም ሰው በፍርሃት አንዳንዱ አቃጠለው፣ አንዳንዱ ከፍራሽ ሥር ደበቀው።

ከዚያ እኔ አድጌ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። በግድግዳችን ላይ ያን ጊዜ የነበረው የሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ፎቶግራፍ ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. እርሳቸው አገር ጥለው ሲሄዱና ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ፣ አለቃዬ “ያንን አውርደው” አሉኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። ግድግዳው ላይ ፎቶግራፉ የነበረበት ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀረ። መስታወቱ ለሌላ ሥራ ይፈለግ ስለነበረ የጀርባውን ካርቶን ስነቅል፣ ከሊቀመንበሩ ፎቶግራፍ ሥር የጃንሆይ ፎቶግራፍ እንደተቀመጠ ነው! የታዘዘው ሰው አውጥቶ መጣሉን ፈርቶ ይሁን ሰንፎ፣ አዲሱን በላዩ አድርጎ መልሶ ሰቅሎታል። ለብዙ ዓመታት ሁለቱ ጀርባና ፊት ሆነው በአንድ መስታወት ኖሩ ማለት ነው።

ለአለቃዬ አሳየኋቸው። እርሳቸውም ግራና ቀኝ አይተው፣ “አንተ ልጅ፣ ምንም አላየህም” አሉኝ። እኔም ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልዬ፣ በወረቀቱ ጀርባ ቀኑንና ከየት እንደወረዱ ጽፌ ከአሮጌ ፋይሎች ጋር ዕቃ ቤት አስቀመጥኳቸው። የጸሐፊ ሥራ መዝግቦ ማስቀመጥ ነው፤ መፍረድ የሌላ ሰው ነው።

ጃንሆይም ከሞቱ በኋላ ለብዙ ዘመን ቀብር አላገኙም ነበር። በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሞቱ። አፅማቸው ከቤተ መንግሥት ግቢ ተቆፍሮ የወጣው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረው ደግሞ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም.። ንጉሠ ነገሥት ሃያ አምስት ዓመት ቀብር ሲጠብቅ፣ የእኛ ሰፈር ሸማኔና እንጨት ለቃሚ እናት በዕድራቸው ድንኳን፣ በወዳጅ ዘመድ ትከሻ በማግሥቱ ይቀበሩ ነበር። ይህን ስናስብ ዕድር ያቆሙልንን አባቶችና እናቶች ማመስገን ይገባናል።

ስለ ራሳችን ፎቶግራፍ

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። የታላላቆቹ ሰዎች ነገር ቢያንስ ብዙ ሰው ይከራከርበታል፤ ሲሳሳት የሚያርም ምሁር አለ። የእኛን ማን ያርማል? አንድ አባል ሲያርፍ የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ችግሩን አውቀዋለሁ። ቤተሰቡ በኀዘን ላይ ሆኖ ፎቶግራፍ ሲፈልግ፣ የሚገኘው ከቀበሌ መታወቂያ ላይ የተነሣ ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ይሆናል። እርሱ በቸኮለ ፎቶ ቤት እንዲያድግ ይሰጥና ፊቱ ደብዝዞ ይመጣል። በሌላ በኩል ሣጥን ሙሉ ፎቶግራፍ ኖሮ፣ ማን ማን እንደሆነ የሚያውቁት ሟቿ እናት ብቻ ሆነው ይገኛሉ። እርሳቸው ሲቀበሩ አብሯቸው ሃያ ሠላሳ ሰው ይቀበራል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ እንዲህ ቢያደርግ እለምናለሁ። አዛውንቶቻችሁ ሳሉ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍሉና ፎቶግራፎቹን ዘርግታችሁ ጠይቋቸው። ከግራ ወደ ቀኝ ስም ከነአባት፣ ቦታው፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ ለምን እንደተነሡ በጀርባው ይጻፍ። በእስክሪፕቶ ተጭናችሁ አትጻፉ፣ ወደ ፊቱ ያልፋል፤ በእርሳስ በቀስታ ይጻፍ። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን “ይመስለኛል” ብላችሁ ጻፉ። እኔ ያን ጊዜ “ይመስለኛል” የምትል አንዲት ቃል ብጨምር ኖሮ ያቺ እኅት አትከፋም ነበር። ልጆችም በስልካቸው እያነሡ ቢያስቀምጡት መልካም ነው። ግን ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፤ የወረቀቱን ነገር አደራ።

ኮሚቴው በፈቀደልኝ መሠረት የተሳሳትኩት ስም በዚህ እትም ታርሟል። ልጆቹም ትክክለኛውን አያታቸውን ለጥፈዋል፤ ሄጄ አይቻለሁ። ይቅርታ ያደረገችልኝን እኅት በዚህ አጋጣሚ አመሰግናታለሁ።

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ከመሥራቾቹ ፎቶግራፎች መካከል ከድንኳን ፊት በጋራ የተነሡበት አንድ አለ። አሥራ አራት ሰዎች ናቸው። አዛውንቶችን ጠይቄ አሥራ ሦስቱን በስም ለይቻለሁ። ያልታወቁት በስተቀኝ ጫፍ ካፖርት ለብሰው፣ ጡሩንባ በእጃቸው ይዘው የቆሙት ናቸው። ሁሉም ሰው ያስታውሳቸዋል። ገና ጎሕ ሳይቀድ ከሽሮ ሜዳ እስከ ታች ድረስ ዳገቱን ወጥተው ወርደው፣ ጡሩንባቸውን ነፍተው “እገሌ ዐርፈዋል፣ ቀብራቸው በዚህ ሰዓት ነው” ብለው የሚናገሩት እርሳቸው ነበሩ። ሲያዩአቸው ሁሉም “ጡሩንባው መጡ” ይላል። የሰፈሩን ሟች ሁሉ በስም ከነአባት ሲጠሩ የኖሩትን ሰው፣ ዛሬ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አጣሁ።

ፎቶግራፉ በዕድራችን ጽሕፈት ቤት አለ። የምታውቋቸው፣ ወይም የሚያውቃቸው ሰው የምታውቁ፣ እባካችሁ መጥታችሁ ንገሩኝ። እርሳሱን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ።

ቸር ያሰንብተን።